ትርፍ ኩላሊት

የባዮሎጂ መምህሩን ተማሪዎቹ «ጋሽ ኩላሊት» ይሉታል። በሃያ ስድስት ዓመት ብዙ ምዕራፍ ቢያስተምርም፣ አፉ ማር የሚሆነው ስለ ሽንት ሲያወራ ብቻ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከጎድን አጥንት ሥር፣ በጀርባ በኩል ተቀምጠው በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። የሚጠቅመውን መልሰው ለደም ይሰጡና የቀረውን ሊትር ተኩል በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ያወርዱታል፤ ፊኛም እስኪሞላ ችሎ ይጠብቃል። እዚህ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና «ፈጣሪ ቸር ነው፤ አንዱ ይበቃን ነበር፣ ትርፍ ጨመረልን» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም ደስ ይለዋል።

የታላቅ እህቱ ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዩኒፎርሙን ሰፍታ፣ ደብተሩን ሸፍና ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች። አሁን ደሟ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠባል። መምህሩ ከልቡ አዘነ። ግን የሚያውቀውን ይዞ ዝም ማለት አልሆነለትምና በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ኩላሊት ስሎ ማስረዳት ጀመረ። ሰው በአንድ ኩላሊት እስከ እርጅና እንደሚኖር፣ የቀረው አንዱ የሁለቱን ሥራ ደርቦ እንደሚሠራ፣ የሰጠውም ሰው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ዘረዘረላቸው። ወሬው ወዴት እያመራ እንደሆነ ሲገባው ረፍዶ ነበር።

«ያንተ ደም ከእማዬ ጋር አንድ ዓይነት ነው አይደል፣ አጎቴ?» አለችው የእህቱ ልጅ። የራሷ ደም እንዳልገጠመ ከተነገራት ሳምንት አልሞላትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መምህሩ እመረመራለሁ አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ትርፉ ኩላሊት የዓይኑ ብሌን ሆነ። መጀመሪያ የተማሪዎች ፈተና ደረሰበት፣ ቀጥሎ ጉንፋን ያዘው፣ ከዚያ ግራ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር አለ። የእህቱ ልጅ በደወለች ቁጥር ከመጽሐፍ ያገኘውን አዲስ አደጋ ይነግራት ነበር፤ አንዱንም በክፍል ውስጥ ተናግሮት አያውቅም። እህቱ ግን አንድም ቀን ምነው ዘገየህ አላለችውም። ይህ ከሁሉ በላይ ከበደው።

በሁለተኛው ወር ልጅቷ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ሆዱ በቀዝቃዛው ቅባት ተለቅልቆ፣ አንድ ነገር እንዲገኝበት ተሳለ፤ የማይገድል፣ ግን ኩላሊት የሚያስከለክል። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሐኪም መሣሪያውን ወደ ቀኝ ወሰደ፣ ወደ ግራ አመጣ፣ እንደገና ወደ ቀኝ መለሰው።

«ጋሼ፣ የግራ ኩላሊት የለዎትም» አለው። «ከተፈጥሮ ነው። ቀኙ ተለቅ ብሎ ለብቻው ይሠራል፤ ፍጹም ጤነኛ ነዎት።»

መምህሩ ኮሪደር ላይ ሲወጣ መዝለል አማረው። ያስተማረው ሁሉ እውነት ለመሆኑ ከተወለደ ጀምሮ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስረጃው ራሱ ሆኖ ኖሯል! ወዲያው ደግሞ በደስታው አፈረ። በሩ ላይ ሆና የሰማችው የእህቱ ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ ሐኪሙ ለምን እንደሚያውቀው ሰው «ጋሼ» እንዳለው ጠየቀችው። ተማሪዬ ነበር አላት፤ መዋሸት አልቻለም። እሷም ወረቀቱን መልሳለት ቀድማው ወደ ቤት ሄደች። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ፣ ጋሽ ኩላሊት ተማሪውን አግባብቶ ኩላሊቱን አስደበቀ እያለ ነበር።

እህቱ ጋ ሲደርስ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን አነበበችው። ሰው የሚያወራውን ሰምታለች፤ እሷ ግን አመነችው።

«ሁለት ቢኖርህ ኖሮ ትሰጠኝ ነበር?» አለችው።

«ወዲያው ነዋ፣ እትዬ» አላት፤ በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር።

እህቱ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። ቁጣ አልነበረባትም።

«ሁለት ወር ሙሉ እኮ ሁለት እንዳለህ ነበር የምታውቀው» አለችው።