ለነፍሰ ጡር የተሠራ ሽሮፕ

ቅዳሜ ዕለት አማቴ የአስም ፓፌን ከቀሙኝ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። «ኬሚካል በልጅ ልጄ ላይ አትነፊበትም!» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘጉት። በምትኩ አረንጓዴ ሽሮፕ አስታቀፉኝ፤ ከቅጠል የተጨመቀ፣ ሰውነትን ከጉዳት የሚጠብቅ አንቲኦክሲዳንት ነው አሉ። ጠርሙሱ ላይ «አስም ላለባት ነፍሰ ጡር» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ፍራሽ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የጥጥ ብናኝ እምጋለሁ፤ የሰባት ወር ሆዴ ደግሞ ከስፌት መኪናው አርቆኛል። ሐኪሙ «ፓፉን እንዳታቋርጪ፤ አንቺን አየር ሲያጥርሽ ልጁንም ያጥረዋል» ብሎኛል። ይህን ብነግራቸው አማቴ ሳቁብኝ።

«እሱ ደግሞ መቼ አርግዞ ያውቅና ነው?»

ባሌማ እናቱ ፊት ሲደርስ ምላሱ የት እንደሚገባ እንጃ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ አደርኩ። በመጨረሻ አማቴ «ሽሮፑን የሠራው ተመራማሪ ዛሬ ያስረዳል፤ ሰምተን እንወስናለን» አሉ። ሦስታችንም ገለጻው የሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን።

ተመራማሪው ግድግዳው ላይ የቅጠል ምስል አበራ። ቅጠሉ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ይመስላል።

«በአይጦች ላይ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው። በሰዎችም ሞክረነዋል፤ አሥራ ሁለቱም ያለ አንዳች ችግር ጠጥተውታል!»

ተጨበጨበ። አማቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ «ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ። ደረቴ እንደ ማንቆርቆሪያ እያፏጨ ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ አሥራ ሁለቱ ስንተኛ ወራቸው ነበር?»

መድረክ መሪው ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።»

«እስከ መጨረሻው የሚያደርሰኝ ትንፋሽ የለኝም። ስንተኛ ወራቸው ነበር?»

ተመራማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ወንዶች ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ለጥንቃቄ ሲባል ነፍሰ ጡር በሙከራ አናስገባም።»

«ለመሞከር ያልሆንኩት ሴትዮ ለመጠጣት ሆንኩ?»

ከኋላ አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ ወንበር ለወንበር ተዛመተ። አጠገቤ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። አማቴ ወደኔ ሳያዩ ፓፌን መዳፌ ላይ አኖሩት። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ሳልቸኩል፣ ሁለቴ ሳብኩ። ጠበቁኝ፤ ይጠብቁ።

«ቅጠላችሁን አልጠላሁም» አልኩ ድምፄ ሲመለስ። «ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ሐኪሜ ባለበት፣ ይቺ ፓፌ በእጄ እያለች፣ መጥታችሁ ጠይቁኝ። እስከዚያ ግን እኛን ከጠርሙሱ ላይ ፋቁን!»

ቤት እንደደረስን አማቴ ሽሮፑን በማንኪያ ሞልተው ለልጃቸው ዘረጉለት።

«በል ዋጥ! ለወንድ የተሞከረ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አስም የለብኝም!»

«ሚስትህ ስትታፈን ዝም ያልከው ታዲያ ምን ይዞህ ነው?»

ዋጠ።

ሰኞ ፓፌን በፍራሽ ክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሥራ ገባሁ። የሚቀማኝ ካለ ይምጣ።