መጋረጃ ያልተመረጠላት ጀልባ

«ግራጫው ነው የሚሻለው» አለች የሟቹ ወንድም ሚስት በሹክሹክታ። «ሰማያዊ ውሃ ላይ ደግሞ ሰማያዊ መጋረጃ ምን ይሠራል?»

የሟቹ ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ሰዉ የምታለቅስ ሲመስለው ድምፁን ይቀንሳል። ድምፁን ሲቀንስ እሷ ይበልጥ ትሰማለች። ዕድሜዋን የፈጀችው በሹክሹክታ በሚኖርበት ቤት ነው፤ ጆሮዋ የተሳለው እዚያ ነው።

ይህች የዋርሳዋ ሚስት ባለሱቅ ናት፤ መጋረጃ ትሸጣለች። ለለቅሶ ስትመጣ የናሙና ጨርቆቿን በቦርሳዋ ይዛ መጥታለች። ጉልበቷ ላይ እንደ ካርታ ዘርግታ አጠገቧ ላለችው ጎረቤት ታሳያለች። አዲስ ሰው ሊያጽናና ሲገባ ጨርቆቹን ከጭኗ ሥር ትከትና «ወይኔ ወንድም ጋሼን» ትላለች። ለሰውየው ሻይ ሲቀርብለት መልሳ ታወጣቸዋለች።

«ካቢኗ ጠባብ ናት» አለች። «ጥቁር ነገር ከሰቀልንባት ጉድጓድ ነው የምትመስለው።»

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያለችው ካቢን አንዲት ናት። የሟቹ ጀልባ ሆድ ውስጥ ያለችው፣ ሁለት ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚገባባት የመኝታ ክፍል።

«የማን ካቢን?» አለች የሟቹ ሚስት።

የዋርሳዋ ሚስት ጨርቆቹን ከጭኗ ሥር ከተተች።

«ምንም አይደል እትዬ። አንቺ አሁን በዚህ አትጨነቂ። እኛ አለንልሽ።»

መኖራቸውማ ጠፍቷት አያውቅም። ያን ቀን ነገሩን ዋጠችው፤ አልወረደላትም።

ባሏ የወደብ መካኒክ ነበር። መርከቦች ሌሊት ሲቆሙ ሞተራቸውን የሚፈታ፣ ጎህ ሲቀድ የሚያስነሳ። ሰፈሩ «የሌሊት ወፍ» ይለዋል። እሱም ስሙን አይጠላውም። «ወፍ ከተባልኩ አንድ ቀን መብረሬ አይቀርም» ይል ነበር። አንድ የተጣለ የጀልባ አካል አግኝቶ፣ የበሰበሰ ጣውላውን ቀይሮ፣ ከሌላ ጀልባ የወጣ ሞተር ገጥሞ፣ ሙሉ ጀልባ አደረጋት። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱን ይዞ ዳር ዳሩን ሊሄድ፣ በደረሱበት አስረው ሊያድሩ አስበው ነበር።

አልጋው አለቀ። ምድጃው አለቀ። የውሃ በርሜሉ ገባ። መጋረጃ ብቻ ቀረ። መስኮቶቹ ላይ ካርቶን ተለጠፈ። የሚያልፍ ሰው እያየ ይስቃል፤ «ጀልባ ሙሉ ሠርቶ ለጨርቅ ሰሰተ» ይላል።

አልሰሰተም። አልተስማሙም።

«ወፍራም ጥቁር» ይላል እሱ። «ብርሃን ጠብ የማያደርግ።»

«ጀልባ ነው የሠራኸው ወይስ ሬሳ ሣጥን?»

«እሺ፣ ቡናማ ይሁን።»

«ከሬሳ ሣጥን ወደ ቁም ሣጥን አሻሻልከው! እኔ ስስ ነጭ ነው የምፈልገው። ውሃውን እያየሁ ጋደም ልበል።»

«ስሱን ፀሐይ በአንድ በጋ ይበላዋል።»

«ይብላው። እኔንስ ጨለማ በልቶኝ የለ?»

እዚህ ላይ ሲደርሱ እሱ ሁልጊዜ ሜትሩን ያወጣል። የካቢኗ ግድግዳ ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው። ከላይ ብቻ የተሰቀለ ጨርቅ ከመስታወቱ ይሸሽና የተኛውን ሰው ግንባር ያሻል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ዘንግ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ በሁለቱ መሃል ተወጥሮ ይሄዳል። ዘንጎቹን ሁለቱ አብረው ገጠሙ፤ እሷ ያዘች፣ እሱ አሰረ። በዘንጉ ተስማሙ። ጨርቁ ላይ ግን ባዶ ዘንግ እያዩ ሁለት በጋ ተጨቃጨቁ።

የመጋረጃው ወሬ በተሰማ ማግሥት ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ለቅሶ ቤቱ ገባ። ከኋላው ጋሽ ዘይቱ አለ፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ሽማግሌ መካኒክ። እጁ ታጥቦ አይነጣም፤ ስሙን ያወጣለት እጁ ነው። ሟቹን ካቢኗ ውስጥ በቀን እንደተኛ ቀርቶ ያገኘውም እሱ ነው።

«ስለ ጀልባዋ ንገረኝ» አለችው ዋርሳዋን፣ ገና ሳይቀመጥ።

ሚስቱን ገረመማት። «እትዬ፣ አሁን ጊዜው አይደለም።»

«ለእናንተ ጊዜው ሆኖ ለኔ ለምን አይሆንም?»

«ቆማ ከምትበሰብስ ብለን ነው። ለመዝናናት የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ እናከራያታለን። የወንድሜም ስም ይነሳበታል። ለመጪው እሁድ ሰው ተገኝቷል። ካርቶኑን አይተው እንዳይሸሹ መጋረጃ ይሰቀል አልን።»

«በምን ልክ ይሰፋል?»

«ለክቼዋለሁ» አለች ሚስቱ። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ኮራ ብላ ነው የተናገረችው።

«መቼ?»

«ከቀብር ስንመለስ። መንገዴ ላይ ነበር።»

የተናገረችውን ራሷም ሰማችው። ጨርቆቿን መሰብሰብ ጀመረች። ጋሽ ዘይቱ ጣራ ጣራውን አየ።

«ቁልፉን ከየት አገኛችሁት?»

ዋርሳዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሆስፒታል ልብሱን ለኔ ነው የሰጡኝ። ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ተነሣች። ከአጠገቧ አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ያዝ አደረጓት። «ተይ ልጄ። ሐዘንተኛ እንዲህ አይቆጣም።»

«ሐዘንተኛ ምን ያደርጋል እማማ? እያለቀሰ ይዘረፋል?»

አሮጊቷ ቀሚሷን ለቀቁ። እሷም ወደ ባለሱቋ ዞረች።

«የሰፈሩን መስኮት ሁሉ አልብሺ፣ አልከለክልሽም። እኔና ባሌ ሁለት በጋ ተጨቃጭቀን ያልጨረስነውን ግን አፈሩ ሳይደርቅ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረስሽው?»

«ክፉ አስቤ አይደለም እትዬ...»

«አውቃለሁ። ክፉ ብታስቢ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ጭራሽ አላሰብሽም።»

«ኧረ ጨርቅ ነው!» አለ ዋርሳዋ። «ጨርቅ ሁለት በጋ ያጨቃጭቃል?»

«ያጨቃጭቃል» አለ ጋሽ ዘይቱ። «አንዱን ጎን ጥቁር፣ አንዱን ጎን ነጭ አድርጉት ብዬ ላስታርቅ ገብቼ ነበር። ሁለቱ የተስማሙት ያን ቀን ነው። አንድ ላይ ሆነው ሰደቡኝ።»

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሟቹ ሚስት አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

ዋርሳዋ ዙሪያውን አየ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም እሱን ያያል። ከኪሱ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረው።

ወደ ወደቡ የሚወስደውን መንገድ በንዴት ሄደችው። ጋሽ ዘይቱ ከኋላዋ ያለከልካል።

የሚያናድዳት ዋርሳዋ ብቻ አይደለም። ሙት ወቃሽ አያድርጋት እንጂ ሟቹም ያናድዳታል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ይተኛል። እሱ እንዲተኛ የቤቷ መስኮት ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሶ ኖረ። ልጆቿ ሲያድጉ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ነው። ድስት ስትከድን በክዳኑ ዙሪያ ጨርቅ ታደርጋለች። ሬዲዮ የምትሰማው ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነው። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው በደጇ ሲያልፍ «እዚህ ቤት ማን ሞተ?» ይል ነበር። ማንም አልሞተም። አባወራው ተኝቶ ነው።

ጡረታ ሲወጣ ብርድ ልብሶቹን አወርዳለሁ ብላ ጠበቀች። ጡረታ ወጣ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ሰውነቱ ቀን መተኛት ለምዶ ቀረ። ብርድ ልብሶቹም እንደተሰቀሉ ቀሩ። ጀልባዋ ላይ አንዲት ክር ጥቁር እንዳትሰቀል የማለችው ያኔ ነው።

የካቢኗን በር ከፍታ አንገቷን ደፋች።

በመሬቱ በኩል ያሉት መስኮቶች ካርቶናቸው እንዳለ ነው። በውሃው በኩል ያሉት ግን ባዶ ናቸው። ፀሐይ ቀጥ ብላ አልጋው ላይ ወርዳለች።

«ካርቶኑንም ገነጠለችው!» አለች። «ስትለካ ነው አይደል?»

«እሷ አይደለችም» አለ ጋሽ ዘይቱ ከበሩ ላይ። «ሳገኘውም እንዲሁ ነበር። ያወረደው ራሱ ነው።»

«እሱ? በገዛ እጁ?»

«ሰሞኑን ቀን ቀን እየመጣ በብርሃን ለመተኛት ይሞክር ነበር። ‹ዓይኔን ላለማምደው፤ ከለመደልኝ ነጩን ትስቀል› አለኝ። እስኪሳካለት እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

«ለኔ አይነግረኝም?» ድምፅዋ ካቢኗን ሞላው። «ልክ ነሽ ማለት አቅቶት ይህን ሁሉ መንገድ ዞረ? ሚስቱ ቤት ቁጭ ብላ ለዘይት በርሜል ይነግራል?»

«በርሜሉ ሰምቶታል» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

ጀልባዋ ትንሽ ተወዛወዘች። አልጋው ላይ ትራሱ መሃሉ እንደጎደጎደ ነው።

«ተሳካለት?» አለች።

ጋሽ ዘይቱ ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ነው ያገኘሁት» አለ። ከዚያ የጀልባዋን ገመድ ሊያይ ወደ ውጭ ወጣ።

እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ የተጨቃጨቀችለት ውሃ ከጎኗ ነው፤ ዞር ብትል ታየዋለች። አልዞረችም። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ አሁንም ትንሽ። ጥላዋ ትራሱን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው እዚያው ረጋች።

ፀሐይዋ ስትዞር እሷም አብራ ፈቀቅ አለች።