ስርዝ ድልዝ

«‹ማዳበሪያ› የሚለውን ማን ጨመረው?» አለች ባርኮት፣ የማህተሙ ቀለም ገና ያልደረቀውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ መልሳ እያስቀመጠች።

«እኔ ነኛ» አሉ የፈጠራ ክፍል ኃላፊው አቶ እንደሻው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። «ማመልከቻሽ ላይ ‹ኦርጋኒክ› ብለሽ ተውሽው። ጎድሎ ሳየው ሞላሁልሽ።»

«አልጎደለም፣ ጋሼ! ኦርጋኒክ ያልኩት የሶላሩን ቀለም ነው። ከሂና ቅጠል ያወጣሁት። ፀሐይ ሲያገኘው ኮረንቲ የሚሰጥ።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ለተማርያም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብቅ አሉ። «ውይ፣ እኔ ደግሞ ጣትሽን አይቼ ሙሽራ መስለሽኝ ስመርቅሽ ነበር!»

«ምርቃቱን ለሶላር ሴሉ ያዙሩልኝ፣ እትዬ። እየሞተ ያለው እሱ ነው።»

ፈረስ መጋላ አደባባይ ስልክ በምትጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አስተማሪ ሳይኖራት፣ ኢንተርኔት ላይ እያየች ሰባት ወር ለፍታበታለች። ሁለት ቀጫጭን መስታወት፣ በመካከላቸው በሂና የተነከረ ነጭ ዱቄትና ጥቂት አዮዲን። ማክሰኞ ፀሐይ ላይ ስታወጣው ቴስተሩ 0.41 ቮልት አነበበ። ዛሬ፣ ዓርብ፣ 0.29። ፈሳሹ እየደረቀ ነው። አቅሙን በትክክል የሚለካው መሣሪያ ያለው ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሀሚድ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እጠብቅሻለሁ ብሏታል። ያለ ደብዳቤ ግን በሩን አታልፍም። በዚህኛው ደብዳቤ ደግሞ የሚልኳት ወደ አፈር ምርመራ ነው።

«ሌላ ይጻፍልኝ።»

«ሰኞ ነያ» አሉ አቶ እንደሻው። «ይሄኛው ደብዳቤ ቁጥር ወጥቶለታል፤ ፈራሚውም አሁን ለስብሰባ ድሬ ሄዱ።»

«ሰኞ የማስለካው ባዶ መስታወት ነው።»

«ምን ያናድድሻል፣ ልጄ? በማዳበሪያው ግቢና እዚያ አስረጂያቸው። እንዲያውም ማዳበሪያ ብትሠሪ ገበሬው ይጠቀም ነበር።» ያመጣችውን ሴል በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። «ይሄ አሁን ምን ያበራል?»

«እሱ ሰባት ወሩ ነው። ይሄ ቢሮ ስንት ዓመቱ ነው? ምን አበራ?»

ወይዘሮ ለተማርያም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ እንደሻው ሴሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሊል ነው። ባርኮት የእሳቸውን እስክሪብቶ አነሳችና «ማዳበሪያ» የሚለውን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። በላዩ «የፀሐይ ሴል» ብላ ጻፈች።

«ኧረ በማርያም!» አሉ አቶ እንደሻው። «ማህተም ያረፈበት ላይ? ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደብዳቤ ማን ይቀበልሻል?»

«ላይቀበሉኝ ይችላሉ።»

«ማን ሰረዘው ቢሉኝስ? እኔን ልታስጠይቂኝ ነው?»

ባርኮት ለመውጣት ተነሥታ ነበር። ተመልሳ ጎንበስ አለችና ከሰረዘችው ቃል አጠገብ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈች፤ ከሥሩም ስልክ ቁጥሯን።