የኮርቬት ፍቺ

መዝገበ ቃላት በምናዘጋጅበት ቢሮ አንድ ደንብ አለ፤ የተጻፈ ፍቺ ሁሉ ከቢሮው ውጪ ላለ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሰሚውን «ጆሮ» እንለዋለን። ጆሮ ከገባው «ይለፍ» ይላል፤ ከጠየቀ ግን ፍቺው ጎደሎ ነውና መልሱ ይጨመርበታል። የእኔ ጆሮ እናቴ ናት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ስንቱን ቃል አሳልፋልኛለች፣ ስንቱንም ጥላብኛለች።

ያን ሰሞን የደረሰኝ ቃል «ኮርቬት» ነበር። ከቃል ሁሉ እሱ! ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ባህር ኃይል ገብቶ የተመደበው ኮርቬት ላይ ነው። ለእናታችን ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ኮርቬት ማለት ወደብ ለወደብ የምትዞር ጀልባ ናት፤ የምንጠብቀው ዓሣ አስጋሪ ነው» ብሏታል። እሷም አምናው መርቃዋለች። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የሚወስዳት በዚያ ውሸት ነው።

በሚሄድበት ቀን ካፖርቱን ለብሶ ወደ ጓዳ ጎተተኝ። የካፖርቱን ቁልፎች ጠዋት እናታችን በድርብ ክር አጥብቃለታለች።

«ያንን ቃል እንዳታነቢላት። ሌላ ጆሮ ፈልጊ።»

«እብድ መሰልኩህ እንዴ?»

ሬዲዮው ግን ቀድሞናል። ኮርቬቶች ዛሬ ከወደብ እንደሚወጡ ሲናገር እናቴ ከመኪናዋ ቀና አለች።

«የማሙሽ ጀልባ አይደለች? መቼም ‹ከ› ላይ ናችሁ፤ ቃሏ ደርሳሻለች። በይ አንብቢልኝ።»

ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ። እንቢ ብላት ይብስ ትጠረጥራለች ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ።

«ኮርቬት፦ አነስተኛ የጦር መርከብ። የቃሉ ምንጭ ሊቃውንትን አያስማማም፤ ቅርጫት ከሚል ጥንታዊ ቃል መጣ የሚሉ አሉ። በሸራ ዘመን ለቅኝት ትወጣ፣ መልእክትም ታደርስ ነበር።»

«ቅርጫት!» ብላ ሳቀች። «ልጄን በቅርጫት ሊወስዱብኝ ነው በሉኛ!»

እኛም ሳቅን፤ ማሙሽማ ከልክ በላይ። እዚያው ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አላለቀም» አለች። «ስትጨርሺ ድምፅሽ ይወርዳል። አሁን አልወረደም።»

ይህን ሁሉ ዓመት የምትሰማኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ታጠናኝም ኖሯል። ቀሪውን አነበብኩ።

«በኋላ ዘመን፣ በጦርነት ጊዜ ጭነት የያዙ ትልልቅ መርከቦችን ታጅባለች። ከዳር ከዳር እየሄደች የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ታስሳለች።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ከዳር ነው ያልሽው?»

«አዎ እማዬ።»

«ትልልቆቹን እሷ ትጠብቃለች።»

«አዎ።»

«እሷንስ ማን ይጠብቃታል?»

ማሙሽን አየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል። ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ለእሷም፣ ለእሱም።

«ማንም» አልኳት።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። «እሱን ጨምሪበት፤ ከዚያ ይለፍ» አለችኝ።

ተነስታ ካፖርቱን ከማሙሽ ትከሻ አወለቀች፤ መኪናዋ ላይ ዘረጋችው። መቀሷን አንስታ ጠዋት ያጠበቀቻቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ በጠሰቻቸው፤ ከዚያ ሁሉንም በነጠላ ክር፣ ላላ አድርጋ መልሳ ሰፋች።

«ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዲወልቅልህ ነው» አለችው።