የኡሙ ኑሃድ ፍንጃል

«ነገ ይህን ጊዜ አምባሳደሩ ፍራሹን ፒካፕ ላይ እየጫነ ነው» አለች ሩደይና፣ የአቡ ጋሊብን ቤት ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች። «እኔ ገብቼ እምቢ የሚለኝ የፓርላማ አባል ገና አልተወለደም።»

«ቀስ በይ» አሉ ሐጂ አውዳ ከኋላዋ፣ የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርገው ይዘው። «እሱ ከአገር ሳይወጣ የኔ ነፍስ ልትወጣ ነው።»

እናቷ ምንም አላለችም። ሰው ማናገር ከተወች ሃምሳ አንድ ቀኗ ነው፤ ትልቋ ልጇ ኑሃድ ከሞተች ጀምሮ ማለት ነው። ወንድ ልጅ ስላልወለደች ሰፈሩ በትልቋ ሴት ልጇ ኡሙ ኑሃድ፣ የኑሃድ እናት፣ ይላታል። ልጅቷ ከሞተችም በኋላ ስሟ በቀን ሃያ ጊዜ እናቷ ላይ ይጠራል፤ ማንም ሌላ ስም አላወጣላትም።

ኑሃድ ነርስ ነበረች። ጋዛ አግብታ ስድስት ዓመት ኖረች። አንድ ቀን ቁስለኛ ልታነሳ በአምቡላንስ እንደወጣች፣ መብራቱ በርቶ፣ ሳይረኑ እየጮኸ፣ ተመታች። እሷን ሊያነሱ የመጡት ደግሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ተመቱ። ሩደይና ይቺን ሁለተኛዋን ነገር ባሰበች ቁጥር ጥርሷ ይፋጫል። የመጀመሪያውን ሰው ስህተት ነው ሊል ይችላል፣ ሆዱ ካስቻለው። ለሁለተኛው ግን ቆመው ጠብቀዋል።

ስለዚህ በቀል ትፈልጋለች። የምትፈልገውም ከተማዋ ማደባ የሚያውቀውን በቀል ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሥጋ ሻጭ ጎረቤቱን በቢላ ሲገድል እሱ እስር ቤት ገባ፤ ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች ደግሞ በዚያው ሳምንት ቤታቸውን ዘግተው ከከተማው ተነሡ። የገዳይ ዘመድ በሟች እናት ዓይን ሥር አይውልም፤ ይሄ እዚህ ሕፃን የሚያውቀው ደንብ ነው። ታዲያ የገዳዮቹ አገር አምባሳደር ዘመዳቸው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? እሱ ግን ዋና ከተማው አማን ላይ፣ በር ላይ ወታደር ቆሞለት፣ ቁርሱን ይበላል። ሩደይና ሲነሳ በዓይኗ ይታያታል። ፍራሹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሚስቱ ከፊት ወንበር፣ ድመቱ በካርቶን። ድመት ይኑረው አይኑረው አታውቅም። እንዲኖረው ግን ትፈልጋለች፤ መንገድ ላይ ስትጮህበት እንድትሄድ።

ለአቡ ጋሊብ ይዘው የመጡትን አቤቱታ የጻፈችው ራሷ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ የምትሰፋ መሆኗ ምንም አላገዳትም። መንግሥት አምባሳደሩን ያስወጣ፤ የራሱን ከዚያ ይጥራ፤ የጦር ወንጀሉን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ያድርስ። ሦስት መስመር፣ አለቀ። ሥሩ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል፤ ግማሹ የአሮጊቶች አውራ ጣት ነው። ጠዋቱን ሙሉ የቀሩትን በር ለበር ስታስፈርም፣ በየበሩም ፒካፑንና ድመቱን ስታወራ ነው የዋለችው።

በሽምግልና ሰው ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ የሚያደርገውን ያውቃል። የሚቀዳለትን መራራ ቡና ፊቱ ያስቀምጠዋል እንጂ አይነካውም። የቤቱ ባለቤት «ጠጣ፣ የመጣህበት ተፈጽሟል» ሲለው ብቻ ነው የሚያነሳው። ከዚያ በፊት ከጠጣ ጥያቄውን አብሮ ጠጥቶታል፤ አመስግኖ ይወጣል። ሐጂ አውዳ አርባ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዱ፣ የሩደይና አባት አጎት ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለቤቱ የቀሩ ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስት ጊዜ ለሽምግልና ሄደው ሦስቱንም ጊዜ ቡናው ቀዝቅዞ፣ ጠበኛውን አስታርቀው ነው የወጡት። መናገር የነበረባቸውም እሳቸው ናቸው። ሩደይና ግን መንገድ ላይ፣ «እኔ እናገራለሁ፣ እርስዎ ሽማግሌ መኖሩ እንዲታወቅ እያሳሉ ይቀመጡ» ብላቸዋለች።

አቡ ጋሊብ በእንግዳ አዳራሹ ነው የተቀበላቸው። ግድግዳውን ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፏል፤ ፓርላማ ሲገባ የተነሳው ፎቶ ከኮመዲኖው በላይ ተሰቅሏል። አሽከሩ ሱበይህ የናሱን ጀበና ይዞ በር ሥር ቆሟል።

«ተናጋሪያችሁ ማን ነው?» አለ አቡ ጋሊብ።

«እኔ» አለች ሩደይና፣ ሐጂ አውዳ አፋቸውን ሳይከፍቱ።

አቡ ጋሊብ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ እሷን፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ጎበዝ። ሱበይህ፣ ለአፈ ጉባኤዋ ቅዳላት። ፍንጃሉን እሷ ፊት አስቀምጥ።»

ሐጂ አውዳ ሳሉ። ሩደይና ፍንጃሉን ወደ ጉልበቷ ጠጋ አደረገችና አቤቱታውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ድምጿ አልሰለለም።

«ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው» አለ አቡ ጋሊብ ስትጨርስ። «እኔም የልጆች አባት ነኝ። አንዲት ቃል ብቻ ላርማችሁ። እዚህ ጋ ‘የጦር ወንጀል’ ብላችኋል። ‘ተፈጸመ የተባለ’ በሉት። ገና አልተጣራማ።»

«እህቴም ሞተች የተባለች ናት?»

«ልጄ፣ የመንግሥት አነጋገር ነው።»

«መቃብሯስ? አለ የተባለ መቃብር ነው?»

«አየሽ፣ ስሜታዊ ሆንሽ። አገር በስሜት አይመራም። ስምምነት አለ፣ ንግድ አለ። ዛሬ አምባሳደር ብናስወጣ ነገ ለቁስለኛው መድኃኒት ማስገቢያ ስንፈልግ ማንን እናናግራለን?»

«ሃምሳ አንድ ቀን ሙሉ እዚሁ ተቀምጦ ማንን አናገራችሁ? ምን አላችሁ?»

አቡ ጋሊብ የእጅ ሰዓቱን አየ። ይሄ ሩደይናን አነደዳት። ጀመረች። ስለ አምቡላንሱ መብራት ነገረችው፣ ስለ ሩብ ሰዓቷ ነገረችው፣ ስለ ሥጋ ሻጩ ዘመዶች ነገረችው፤ «እነሱ ምስኪኖች ናቸው፣ ቢላውን እንኳ አላዩትም፣ ግን ተነሥተዋል፤ እሱ ምኑ ስለሚበልጥ ነው የማይነሣው?» አለችው። ባለፈው ምርጫ ለድምፅ ሲዞር ቤታቸው ገብቶ ኑሃድን «የማደባ ልጅ፣ የሁላችን ልጅ» ያላትን ነገረችው። አዳራሹ ይሞቃል፤ ነሐሴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የለፈለፈ ጉሮሮዋ ደርቆ ቃሉ እየተቆራረጠ መውጣት ጀመረ። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች፣ እጇም ሳታዘው ሄደ፤ ፍንጃሉን አነሣችና በአንድ ጉንጭ ገለበጠችው።

የሐጂ አውዳ ሳል ቀጥ አለ።

የቡናው ምሬት ጉሮሮዋን ሲያልፍ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

«ለጤና ያርግልሽ» አለ አቡ ጋሊብ። አንዲት ትንሽ ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው።

«አልጠጣሁም» አለች ሩደይና። «ቀመስኩት እንጂ።»

«አተላው ብቻ ነው የቀረው» አለ ሱበይህ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አንተን ማን አናገረህ?»

«ተዪው፣ ልጄ፤ ደንብ ደንብ ነው» አለ አቡ ጋሊብ፣ ለመነሣት ልብሱን እየሰበሰበ። «ጠጥታችኋል፣ ተስማምተናል። ወረቀቱን ተዉልኝ። አመቺ ጊዜ ሲገኝ ለሚመለከተው አቀርበዋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ አሁን ለትንሿ ልጄ ሽማግሌዎች ይመጡብኛል። ስልሳ ሰው ነው።»

ሩደይና ባዶውን ፍንጃል ፎቶው ላይ ልትወረውረው ፈለገች። ከዚያም ሱበይህ ላይ። ከዚያም የገዛ ጭንቅላቷ ላይ። ሐጂ አውዳን ማየት አልቻለችም፤ እናቷን ደግሞ ጭራሽ። ለአምባሳደሩ ያሰበችው ፒካፕ መጥቶ እሷን ጭኖ ቢወስዳት ደስ ባላት።

«ሱበይህ» አለ አንድ ድምፅ።

ሩደይና ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብላ አየች። ያን ድምፅ ሃምሳ አንድ ቀን አልሰማችውም።

«ቅዳልኝ» አለች ኡሙ ኑሃድ።

ሱበይህ ጌታውን አየ። እንግዳ ቡና ጠይቆ የሚከለከልበት ቤት ማደባ ውስጥ የለም፤ የፓርላማ አባል ቤት ደግሞ ጭራሽ። አቡ ጋሊብ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ሱበይህ ቀዳ። ኡሙ ኑሃድ ፍንጃሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ከፊቷ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇንም ጭኗ ላይ መለሰች።

«እሷ ጠጥታለች እኮ» አለ አቡ ጋሊብ።

«እሷ እህቷ ናት። የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ልታሾፍ ብለህ ለተሳሳተ ሰው ነው ያስቀዳኸው።»

ሐጂ አውዳ ሳሉ። ይሄኛው የምር የሽማግሌ ሳል ነበር።

«ኡሙ ኑሃድ፣ ካሳ ከሆነ...»

«ካሳ አልፈልግም። ገንዘባቸውን ይዘው ይቀበሩ። እኔ የምፈልገው ስማቸው ባደባባይ እንዲጠራ ነው። ያደረጉት ይነገር፣ በር ይዘጋባቸው፣ በሄዱበት አገር ሰው ፊቱን ያዙርባቸው። ለልጆቻቸው አባታቸው ምን እንደሠራ ትምህርት ቤት ይነገራቸው። እኔ ቤት ልጅ የለችም፤ እነሱ ቤት እንቅልፍ አይኑር።» ይህን ሁሉ ስትል ድምጿ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት ረጋ ያለ ነበር። አቡ ጋሊብ የሰበሰበውን ልብስ ለቀቀ። ሩደይና ስትጮህ አንድም ቀን ሰው እንዲህ ደንግጦላት አያውቅም።

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሌላም። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ሳቅ፣ ሽቶ። ስልሳዎቹ መጥተዋል።

«ሌላ ክፍል እንግባና እንነጋገር» አለ አቡ ጋሊብ ቀስ ብሎ።

«እዚህ ደህና ነኝ።»

«እንግዶቼ ሲገቡ ይሄን ያያሉ።»

«ይዩት። የማን ነው ብለው ይጠይቁሃል፤ ትነግራቸዋለህ።»

«ሴት ልጅ እየዳርኩ ነው፣ አንቺ ሰው። በዛሬ ቀን?»

«እኔም ድሬ ነበር» አለች ኡሙ ኑሃድ።

ሩደይና አፏን ከፈተች፤ በጣም ጥሩ ነገር መጥቶላት ነበር። እናቷ ዞር ብላ ሳታይ ጭኗን ቆነጠጠቻት፤ ዘጋችው።

አቡ ጋሊብ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ከሩደይና እጅ ወሰደ፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከአሮጊቶቹ አውራ ጣት ሥር ፈረመ። አራት መቶ አሥራ ሦስት።

«እሑድ ጉባኤው ላይ አነበዋለሁ። በስሜ። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጥያቄ አድርጌ፣ መልስ እንዲሰጥበት።»

«‘የተባለ’ ሳትል» አሉ ሐጂ አውዳ።

አቡ ጋሊብ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «ሳልል» አለ። «በቃ፣ ጠጪ እንግዲህ። የመጣሽበት ተፈጽሟል።»

ኡሙ ኑሃድ ፍንጃሉን አነሣች። አቡ ጋሊብ እንደገና ያቺን ትንሽ ትንፋሽ ሊተነፍስ ጀመረ። እሷ ግን ተነሥታ ቆመች፤ ወደ ኮመዲኖው ሄደች፤ ፍንጃሉን ከነሙላቱ ከፎቶው ሥር አስቀመጠችው፤ ጥቁር መሐረቧን ከኪሷ አውጥታ ከላዩ ጣል አደረገችበት።

«እሑድ በቴሌቪዥን አይሃለሁ» አለች። «ካነበብክ፣ ማታውኑ መጥቼ እጠጣዋለሁ። ካላነበብክ ልጅህን የምትድርበት አዳራሽ ውስጥ የልጄ ፍንጃል ይቀመጣል። ያነሣው ሰው ለእኔ መልስ ይሰጠኛል። ሱበይህ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ እመቤቴ» አለ ሱበይህ፤ ጀበናውን በሁለት እጁ ይዞ።

ሲወጡ ስልሳዎቹ ወንዶች መንገድ ከፈቱላቸው። ሙሽራው መሆን አለበት፣ አንድ ወጣት የኡሙ ኑሃድን ፊት አይቶ ሳቁን አቋረጠ። ሐጂ አውዳ ደረጃው ላይ ደረታቸውን ነፍተው ወረዱ፤ ለብረቱም እጃቸውን አልሰጡትም።

ታች ሲደርሱ ሩደይና ትንፋሿ ተመለሰ፤ ከትንፋሿም ጋር ምላሷ።

«አላልኩም? እምቢ አላለም እኮ። እሑድ ያነባል፣ ሰኞ ሚኒስትሩ ይመልሳል፣ ማክሰኞ ፒካፑ ይመጣል። ካልሆነ ቀጥታ ሚኒስትሩ ቢሮ ነው የምሄደው። እዚያ እኔ ነኝ የምናገረው፤ እሱን ደግሞ እንዴት እንደማስጨንቀው ታዩታላችሁ።»

እናቷ ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እዚያ ስትሄጂ» አለች፣ «ከቤት ውሃ ጠጥተሽ ውጪ።»