ሙሽራዋ ትራም

«በሉ፣ የቀኙንም ፍቱት፤ ሰዎቹ ደርሰዋል!» አለ የጋራዡ ካቦ፣ ከትራሟ ሥር ካለው ጉድጓድ አንገቱን አውጥቶ።

መካኒኩ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። «ካቦ፣ ይቺ እኮ የባለቤትህ ትራም ናት።»

«የማን ናት ብዬ ጠየቅሁህ? ለዛሬ ብቻ ነው። እንግዶቹ እንደሄዱ ይመለስላታል።»

መካኒኩ ትከሻውን ሰብቆ ሥራውን ቀጠለ። ደህናውን የፍሬን ሸራ ከዚህችኛዋ ፈትተው ለእንግዶቹ ለምትታየው፣ ሙሽራ ለሚሏት ትራም ገጠሙላት፤ ከሙሽራዋ የወጣውን፣ አልቆ ብረት ሊነካ የደረሰውን ሸራ ደግሞ ለዚህችኛዋ። የካቦው ሚስት ዛሬ ዕረፍት ናት። ነገ ጠዋት ግን ይህችኑ ትራም ይዛ የቁልቁለቱን መስመር ትሠራለች።

ሙሽራ ማዘጋጀት የጋራዡ የቆየ ልማድ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ከአሮጌዎቹ ትራሞች አንዷ ትመረጥና ሌሎቹ ያዋጡላታል፤ አንዷ በር፣ አንዷ ወንበር፣ አንዷ መብራት። እንግዳው አድንቆ ሲሄድ ሁሉም የየራሷን ትረከባለች። ማንንም ለመጉዳት ታስቦ አይደለም፤ ሰው ቤት ሲመጣ የተቀደደውን ትራስ እንደመደበቅ ያለ ነገር ነው። የዛሬው እንግዳ ግን የዋዛ አልነበረም። አሮጌዎቹ ትራሞች መቼ በአዲስ ይተኩ የሚለውን የሚያጠናው ኮሚቴ ነው። አዲሶቹ ሲገቡ ጥገናው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል የሚል ወሬ ደግሞ ጋራዡን ሲያምሰው ሰንብቷል። ካቦው ሙያችንን ካዩ ማን ደፍሮ ያባርረናል ብሎ አሰበ። ሰዎቹ ሊያዩ የመጡት የእሱን ሙያ ሳይሆን የትራሞቹን እርጅና መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለውም።

ሙሽራዋ እንግዶቿን ጭና ከዳገቱ አናት እስከ ገበያው ቁልቁል ወረደች። ፌርማታው ላይ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ያለ አንዳች ጩኸት ቀጥ አለች። ጥናቱን የምትመራው ኢንጂነር በእጇ የያዘችው ብርጭቆ ውሃ እንኳ ጠብ አላለም። የካቦው ልብ ቅቤ ጠጣ።

«እውነት ለመናገር ይህን አልጠበቅሁም» አለች ኢንጂነሯ ወደ እሱ ዞራ። «ሌሎቹስ? እንደዚች ናቸው?»

የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ከጎኗ ቆሞ ያየዋል። መካኒኮቹም ያዩታል።

«ከዚች ምንም አይተናነሱም!» አለ ካቦው አፉን ሞልቶ።

«እጃችሁ ይባረክ። እንግዲያው ግዢው ለተወሰኑ ዓመታት ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም ማለት ነው።» ባልደረቦቿን ዞር ብላ አየች፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚሁ እንዲጸድቅ እናቀርባለን።»

የካቦው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አሁን ገና ነው የገባው። በገዛ እጁ ጠግኖ፣ በገዛ አፉ መስክሮ፣ አዲሶቹን ትራሞች ከመንገድ መለሳቸው፤ ሸራቸው ያለቀው አሮጌዎቹ ገና ለዓመታት ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው።

እንግዶቹ እንደሄዱ ሸራውን ሊፈታ ሙሽራዋ ሥር ሲገባ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ደረሰ።

«ማንም እንዳይነካት! በሚቀጥለው ሳምንት ከንቲባው ራሳቸው ሊሳፈሩባት ነው።»

«አለቃ፣ የፍሬኑን ሸራ ብቻ ነው የምወስደው። ነገ ቁልቁለቱን የምትሠራዋ ትራም ያለ ሸራ ቀርታለች ማለት ይቻላል።»

«ሌላ አድርጉላታ!»

«ከየት አምጥተን? አዲስ ይገዛል ተብሎ እኮ ነው መለዋወጫ ማስገባት የቆመው።»

«እንግዲህ...»

«ካልሆነ ከመስመር ትውጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም አይተናነሱም ያልከው አንተ ነህ። ነገ ጠዋት ተነሥተህ አንዷን ብታቆም ኢንጂነሯ ምን ትላለች? ሁለታችንም ነን የምንባረረው። ጥቂት ቀን ነው፤ ቀስ ብለው ይንዱ።»

ቀስ ብለው ይንዱ! ይህንኑ ለቁልቁለቱ ማን ይንገርለት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የነገውን ሸሚዟን ትተኩሳለች።

«እህሳ ሰውዬ፣ ሙሽራችሁን ዳራችኋት?»

«ዳርናት።»

«አዲሶቹ መቼ ይመጣሉ አሉ ታዲያ?»

«ገና እያጠኑ ነው።»

«ሲያጠኑ ጡረታ መውጣቴ ነው በለኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ካውያውን አቆመች። «ጠዋት ጠዋት ተማሪው በሩ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ነው ቁልቁለቱን የምወርደው። ታች እስክደርስ ትንፋሼን ውጬ ነው። ደግነቱ፣ የሠራው ባሌ ነው እያልኩ እጽናናለሁ።»

ካቦው እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከነገራት ዝም እንደማትል ያውቃል። ትራሟን አልነዳም ትላለች፤ ኢንጂነሯ ዘንድ ድረስ ሄዳ ትናገራለች። ያኔ ሥራውም ስሙም አበቃለት። አፈረ፤ ከእፍረቱ ግን ፍርሃቱ በለጠ። ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። የደወለው ሹፌሮቹን በየመስመሩ ለሚመድበው የስምሪት ኃላፊ ነው።

«ነገ ባለቤቴን ከቁልቁለቱ አንሣና የሜዳውን መስመር ስጥልኝ።»

«ምነው፣ ደህና አይደለችም?»

«ወገቧን አሟታል።»

«ይማራት። እሱስ ችግር የለውም፤ ግን ቁልቁለቱን ማን ይያዘው? ያለችኝ ያቺ አዲሷ ልጅ ብቻ ናት። ብቻዋን ወርዳው አታውቅም።»

ካቦው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጅቷን ያውቃታል፤ መንዳት ያስተማረቻት ሚስቱ ናት። በመስኮቱ በኩል ሚስቱ የሸሚዙን ኮሌታ ስታገላብጥ ትታየዋለች።

«ሃሎ? ካቦ? ልመድባት? ትራሟ ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት» አለ ካቦው። «መድባት።»