ቀይ ክር ያለበት ኩባያ

እናቴ ስትፈራ ትሰፋለች። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ይጸልያል፣ ይተኛል ወይ ከጎረቤት ይጣላል፤ እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። በሽታው የገባ ሰሞን ቤታችን ውስጥ መርፌ ያልነካው ጨርቅ አልቀረም። መጋረጃው ሁለቴ ታጠፈ፤ ደህናው አልጋ ልብስ ማስክ ሆነ። ራዲዮኑ የሟቾቹን ቁጥር ሲናገር እግሯ ይፈጥናል። እኔ ጓዳ ሆኜ ከመኪናው ድምፅ ዜናው መክፋቱን አውቅ ነበር።

ጭንቀቱን ያባሰው የአክስቴ ሥራ ነው። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከእኛው ጋር የምትኖር፣ ነርስ፣ ቀልደኛ። ያን ሰሞን የተመደበችው በሽታው የያዛቸው ሰዎች የተኙበት ክፍል ነበር። እናቴ በባልዲ በረኪና በጥብጣ በር ላይ ትጠብቃታለች።

"ጫማሽን እዚያው! ቦርሳሽን እዚያው! ምንም እንዳትነኪ!"

"እትዬ፣ እኔንም ዘፍዝፊኝና ይውጣልሽ" ትላታለች አክስቴ እየሳቀች።

ይሄ አልበቃ ብሏት እናቴ ዘዴ አመጣች። የደንበኞቿ ጨርቅ እንዳይቀላቀልባት በየጨርቁ ጫፍ ክር ታስራለች፤ የአስተማሪዋ ነጭ፣ የሹፌሩ ሰማያዊ። በዚያው ልምዷ የአክስቴን ዕቃ ሁሉ በቀይ ክር ለየችው። ፎጣዋ ላይ ቀይ፣ ትራሷ ላይ ቀይ፤ የሻይ ኩባያዋ እጀታ ላይ ሳይቀር ቀይ ክር ጠመጠመች። እጇ የተባረከ ነውና አጠማጠሙ ያምር ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ማማሩ ነው።

አክስቴ ኩባያውን አገላብጣ አየችው። "የኔ ብቻ ተሸልሟል" አለች። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት አቃታት።

"እትዬ፣ ዛሬ..." ብላ ጀመረች።

"መጀመሪያ ታጠቢ፤ ከዚያ ታወሪኛለሽ" አለቻት እናቴ፣ ባልዲውን እንዳንጠለጠለች።

አክስቴ ታጠበች። ወሬውን ግን አልቀጠለችም። ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ወዳዘጋጀው ማደሪያ ገባች። እናቴ እፎይ አለች፤ ያን ጊዜ እፎይ ማለቷ ዛሬም ያንገበግባታል።

በሽታው ለቀቀ። እናቴ ከፎጣውና ከትራሱ ላይ ቀዩን ክር ለቅማ አወጣች፤ የአክስቴን አልጋ አነጠፈች። "ትመለሳለች፣ ከኔ ወዲያ ማን አላት" ትላለች። ኩባያውን ግን ቤቱን ብታገላብጠው አጣችው።

አክስቴ አንድ እሁድ መጣች። ከስታለች። እናቴ ሮጣ ልታቅፋት ስትል አክስቴ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ አውቃ አልነበረም፣ ሰውነቷ ለምዶት ነው። ጫማዋን ውጭ አወለቀች። ቦርሳዋን በር ላይ አስቀመጠችና ባልዲውን በዓይኗ ፈለገች። ሻይ ሲቀርብ ተነሥታ ሄዳ ከቦርሳዋ ያንን ኩባያ ይዛ መጣች። ክሩ ወይቧል፤ ግን አልተፈታም።

እናቴ መቀሷን አነሣች። "አምጪው ልቁረጠው፤ በሞቴ!"

"ተዪው እትዬ፣ ለምጄዋለሁ።"

"ፈርቼ እኮ ነው፣ እህቴ። ለልጄ ፈርቼ፣ ላንቺም ፈርቼ..." እንባዋ ቀደማት።

"አውቃለሁ" አለች አክስቴ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ። "እኔም እፈራ ነበር። ያን ቀን ልነግርሽ የነበረው እሱን ነው።"

እናቴ መቀሱን መልሳ አስቀመጠች።

"እሺ አሁን ንገሪኝ" አለች አጠገቧ ቁጭ ብላ። "ሁሉንም ንገሪኝ።"

አክስቴ አሰበች። የምትናገረውን ከልቧ ፈልጋ ያጣችው ትመስል ነበር።

"አሁንማ አለፈ" አለች። ሻይዋን ጨረሰች፤ ኩባያዋን ራሷ አጠበችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።